የግራ እጅ መደርደሪያ

ሐጅ ኢሳ የመታጠቢያ ቤቱን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለሰሊጥ የሰጡ ቀን፣ ከቤቱ ሰው ሁሉ አንጀቷ ያረረው ዋሲላ ነበረች። ግን አባቷን ምን ትላለች! ጣሊያን መተማ ከገባ ወዲህ የሱዳን በር ዛሬ ተከፈተ፣ ነገ ተዘጋ እየተባለ፣ ከሽንፋም ከቋራም የመጣው ሰሊጥ መሄጃ አጥቶ መጋዘኑን ሞልቶ በረንዳው ላይ ተደርድሯል። ሐጅ ኢሳ በመታጠቢያ ቤቱ መሃል የሽመል ግድግዳ አቆሙ፤ በጭቃ አስመረጉት፤ ባለቤታቸው መስቱራ ሲያጉረመርሙም፣

"ሰው ቆሞ ይታጠባል። ተኝቶ ቦታ የሚፈጀው ሰሊጥ ነው" አሉ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

የተረፈችው ክፍል አንድ ሰው እጁን ቢዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ የሚነካባት ጠባብ ነበረች። እንስራው አንዱን ጥግ፣ ገበቴው ሌላውን ይዟል። ሳሙናው መሬት ላይ ይሟሟል፤ ሚዶው ጭቃ ውስጥ ይገኛል፤ የቅባቱ ጠርሙስ በእግር ይመታል። ለወይባ ጢስ የተሰበሰበው እንጨት ረጥቦ ምስጥ ወጥቶበታል። ልብስ መስቀያ ስለሌለ፣ የሚቀይሩትን በጥርስ ነክሶ ይዞ መታጠብ ነው።

ዋሲላ ይህችን ክፍል የምትወዳት ግን ለመታጠብ ብቻ አልነበረም። ዋሲላ ግራኝ ናት። ይህ ቃል በሐጅ ኢሳ ቤት ጮክ ተብሎ ተነግሮ አያውቅም። ገና ዳዴ ስትል ግራ እጇን ማስቀደሟን ያዩት እናቷ እጇን በጨርቅ እየጠቀለሉ አሰሩት። ከፍ ስትል ማዕድ ላይ በጭኗ ስር አድርጋው እንድትቀመጥ አስተማሯት። አሁን ለአካለ ሔዋን ደርሳ በቀኟ ትበላለች፣ በቀኟ ትቀዳለች፣ በቀኟ ትሰፋለች፤ ሁሉንም ግን ቀስ ብላ ነው። ቀኝ እጇ ሲዘገይና ሲንቀጠቀጥ ያየ ጎረቤት፣ "እንዴት ያለች አይነ አፋር ልጅ ናት!" ይላል። ጨዋነቷ ከመተማ አልፎ ጎንደር ደረሰ። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ጀይሉ፣ መልኳን ሳያይ በዚሁ ወሬ ለጋብቻ ጠየቃት።

በሩን ዘግታ ውሃ ስትቀዳ ብቻ ግራ እጇ ከጭኗ ስር ይወጣል። ያን ጊዜ ሳሙናውን ይይዛል፣ ጸጉሯን ያበጥራል፣ እንደ ማንኛውም የሰው እጅ ይፈጥናል። ታጥባ ስትጨርስ መልሳ ትደብቀዋለች። ከክፍሏ የምትወጣው ሁልጊዜ ንጹህ ሆና ነው፤ እፍረቷ ግን አብሯት ይወጣል።

* * *

የጀይሉ ዘመድ ሴቶች ልጅቷን ለማየት ከጎንደር ሊመጡ ነው ሲባል፣ መስቱራ ጭንቅላታቸውን ያዙ።

"የጎንደር አዲስ ዓለም እመቤቶች በዚህ ጉድጓድ ውስጥ ሊታጠቡ ነው? ጉዴ ፈላ!"

"ሽኩር ግቢው ውስጥ ቁጭ ብሎ ገመድ ይፈትላል፤ እሱ ያበጀው" አሉ ሐጅ ኢሳ።

ሽኩር የሐጅ ኢሳ የሲራራ ጫኝ ነበር። የጣሊያን ካሚዮን የግመሉን ጭነት እየነጠቀ ካስቀመጠው ጊዜ ጀምሮ ስራው ቀንሷል፤ ስሙ ግን እንዳለ ነው። እሱ የጫነው ጭነት መንገድ ላይ አያዘነብልም ይባልለታል። ከመጫኑ በፊት ዝም ብሎ የመንገደኛውን እጅ ያያል፤ ሰውየው መጀመሪያ የሚያወጣው ትምባሆ ነው ወይስ ውሃ፣ ያንን ለእጁ በሚቀርበው በኩል ያስቀምጣል። አምና ዋሲላ በበቅሎ ወደ ሽንፋ ስትሄድ ጓዟን ያሰረላት እሱ ነበር። እመንገድ ላይ ነጠላዋን ፈለገች፤ እጇን ዘርጋ ስታደርግ ነጠላው እዚያው ጣቷ ስር ነበር። ብቻዋን ሳቀች። ቀና ስትል ሽኩር እያያት ነው። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት "ደህና አደርሽ"፣ "ደህና ዋልክ" ብቻ ቢሆንም፣ ዋሲላ ያን "ደህና አደርሽ" ይዛ እስከ ማታ ትውላለች። የጫኝ ልጅ የሐጅ ኢሳን ልጅ እንደማይጠይቅ ሁለቱም ያውቃሉ።

ሽኩር መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ረፋዱን ሙሉ ግድግዳውን ሲያይ ዋለ።

"ምኑን ነው የምታየው?" አሉ መስቱራ። "ግድግዳ አይተህ አታውቅም?"

"አውቃለሁ፣ እትየ መስቱራ። እጅ የነካውን ነው የማየው።"

"የእጅ ነገር ካነሳህ እጅህን አንቀሳቅሰው እንግዲህ! እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው።"

ዋሲላ ከማድቤቱ ደጃፍ ሆና አንገቷን አወጣች። "ሽኩር፣ ግድግዳው መለሰልህ?"

"እየመለሰልኝ ነው" አለ ሳይዞር። "ቀስ ብሎ ነው የሚናገር፣ እንዳንቺ።"

ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እሱ ቀጠለ፤ "ሳሙና ዓይንሽ ገብቶ ጨፍነሽ መጀመሪያ የምትፈልጊው ምንድን ነው?"

"ውሃ ነዋ! ሌላ ምን እፈልጋለሁ?"

"ከውሃው ቀጥሎስ?"

"ነጠላዬን" አለችና ወዲያው ፊቷ ጋለ። ከወንድ ጋር ስለምን እያወራች እንደሆነ የገባት አሁን ነው። እሱም ገብቶት ኖሮ ጎንበስ ብሎ መጋዙን ፈለገ። መጋዙ እግሩ ስር ነበር።

ስራ የጀመረው ከሰዓት በኋላ ነው። የጣሊያን ወታደር የጣለውን የሳጥን ጣውላ በሦስት ማዕዘን ቆርጦ፣ የማንም ትከሻ በማይደርስበት ጥግ፣ ከእንስራው በላይ ደራርቦ መታው። ባዶ የላምባ ቆርቆሮዎችን በቁመታቸው ሰነጠቀ፤ ስለቱ እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን አጥፎ ቀጠቀጠው፤ ውሃ እንዳያቁር ታቹን በሚስማር በሳ በሳ አድርጎ ግድግዳው ላይ ቸነከራቸው። አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለሚዶ፣ አንዱ ለቅባት ሆነ። ሽመል ፈልጦ እንደ ወንፊት ሰደረና ከጣሪያው ወራጅ ላይ በገመድ አንጠለጠለው። ምስጥ በግድግዳ ሲወጣ እዚህ አይደርስም፤ እርጥብ ጨርቅም ቢቀመጥበት ውሃው ወደ ታች ይወርዳል። ሁሉም ሰው የሚረሳውን ከበሩ በላይ ያለውን ቦታ ለወይባው እንጨት አዋለው። ከበሩ ጀርባ ኪስ ኪስ የተሰፋለት ጆንያ ሰቀለ። ክዳን ያለው ሳጥን በአራት ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ስሩን አመድ ነሰነሰበት፤ ሲከፍቱት ልብስ ይይዛል፣ ሲዘጉት መቀመጫ ይሆናል። በመጨረሻ ለነጠላ የሚሆን ችካል መታና ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

መስቱራ ከደጃፍ አንገታቸውን አስገቡ። "ወይ ጉድ! ክፍሉ ሰፋ እኮ!" ብለው ወደ ዶሯቸው ተመለሱ።

ዋሲላ ገብታ በሩን ዘጋች። ሳሙናውን ፈለገች፤ እጇ ላይ ነበር። ዓይኗን ጨፈነች፤ እጇን ሰደደች፤ የውሃው ቅል መያዣውን ወደ እሷ አዙሮ ይጠብቃታል። ችካሉ፣ ሚዶው፣ ቅባቱ፣ ሁሉም ሳትንጠራራና ሳታጎነብስ ከመዳፏ ገባ። እንደ ሕጻን ሳቀች። ዓይኗን ስትገልጥ የተዘረጋው እጅ ግራዋ ነበር።

ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ዙሪያዋን አየች። ሁሉም በግራ ነው። ሳጥኑ ላይ ዝርፍጥ አለች። አወቀ! እናቷ በጨርቅ ያሰሩትን፣ ከጭኗ ስር የኖረውን፣ ከጎንደር እስከ መተማ ማንም ያላወቀውን ይህ ጫኝ አወቀ። በሩ ተዘግቶ ሳለ ራቁቷን የታየች ይመስል ነጠላዋን እስከ አንገቷ ሳበች።

ለእናቷ ወዲያው ብትነግራቸው ሁሉም በአንድ ሰዓት ተነቅሎ ወደ ቀኝ ይዞር ነበር። አልነገረቻቸውም። በዕድሜዋ ለዚህ እጅ የተሰራ ነገር አይታ አታውቅም። አንድ ሌሊት እንኳ እንዲቆይላት ፈለገች፤ በመፈለጓም አፈረች።

* * *

እንግዶቹ በማግስቱ ረፋድ ላይ በካሚዮን ደረሱ። የጀይሉ አክስት እትየ መጂዳ ከእግር እስከ ራሳቸው አቧራ ለብሰው ሲወርዱ፣ "ለካስ ሰውን ከነነፍሱ ዱቄት የሚያደርግ ወፍጮ መጥቷል!" አሉና ሁሉንም አሳቁ። ለሶላት ሊታጠቡ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገቡ። የጀይሉ አጎት፣ ወደ ሱዳኑ ገዳሪፍ ግመል የሚያስጭኑ ትልቅ ነጋዴ፣ ከሐጅ ኢሳ ጋር በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

ከመታጠቢያ ቤቱ የቆርቆሮ ድምጽ ተሰማ። ቀጥሎ "ያ ረቢ!" የሚል ጩኸት መጣ። መጂዳ ሲወጡ የሰሊጥ ቅባት ከትከሻቸው እስከ ክርናቸው ይወርዳል።

"መስቱራ፣ ይህን ቤት ያበጀው ሰው ከእኔ ጋር ምን ጠብ አለው?"

"ውይ በሞትኩት! ምን ሆኑብኝ?"

"ሳሙና ስፈልግ እጄ እንስራ ይመታል። ነጠላ ስፈልግ ግድግዳ እዳብሳለሁ። ተጠማዝዤ፣ ዞሬ፣ እንደ ገመድ ተፈትዬ ነው የታጠብኩ!" ሴቶቹ ሳቁ። መጂዳ ግን አልሳቁም። "ኋላ ረጋ ብዬ አየሁት። የተሳሳተ ነገር የለውም። ሁሉም ልክ ነው፤ ልክነቱ ግን ለሌላ እጅ ነው።" ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ ዋሲላ እጆች ወረደ። "ማን ነው የሚታጠብበት?"

ዋሲላ ሁለቱንም እጆቿን ነጠላዋ ስር ከተተች።

"የጫኛችን ስራ ነው" አሉ መስቱራ ድምጻቸው እየቀጠነ። "ቂል ነው! መደርደሪያ ሰርቶ አያውቅም።"

"እንግዲያው ይምጣና ይንገረን። በግራ እጅ የቀረበ እህል በእኛ ቤት እንደማይበላ ታውቂያለሽ፣ መስቱራ። ከምሳ በፊት ይምጣ። እጄን ሳልታጠብ ልወቀው።"

መስቱራ ልጃቸውን ወደ ጓዳ ጎትተው አስገቡ። "አንቺ ነሽ የነገርሽው?"

"አልነገርኩትም፣ እማ። ወላሂ!"

"ታዲያ ከየት አወቀ?" ክንዷን ጨበጥ አደረጉ። "በሩ ዝግ ነው። አንቺ ውስጥ ነሽ። ምን አይቶ ነው ያወቀው? ሴቶቹ ይህን ቢጠይቁ ምን እላለሁ?"

ዋሲላ ጥያቄው የት እንደሚያደርስ ገባት። ግራኝነቷ ብቻ ቢሆን ጋብቻው ይቀራል። አንድ ወንድ ራቁቷን አይቷታል ተብሎ ከታሰበ ግን በመተማ ውስጥ ፊቷን ይዛ የምትወጣበት ደጅ አይኖርም። እናቷ እያለቀሱ ነበር፤ እሷ ግን ማልቀስ እንኳ አፈረች።

* * *

ሽኩርን ያገኘችው ከመጋዘኑ ጀርባ፣ የግመል ኮርቻ ሲጠግን ነው።

"ገፈፍከኝ!" አለችው። "በሰው ፊት አውጥተህ ገፈፍከኝ!"

መርፌው በእጁ እንዳለ ተነሳ። "ምን ሆነሽ ነው?"

"ማን ነገረህ? በየት ቀዳዳ አየህ?"

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። "አላህን ፍሪ፣ ዋሲላ! ግድግዳውን ነው ያየሁት። ቅባት የነካው እጅሽ በግራ በኩል አሻራውን ትቷል። እግርሽን ስትታጠቢ የምትደገፊበት ጭቃ በቀኝ በኩል ተፍቋል፤ የሚሰራው እጅ ሌላኛው ነው ማለት ነው። ሳሙናው የቆፈራት ጎድጓዳም በግራ ናት። ሌላ ያየሁት የለም።"

"እናቴ ዕድሜዬን ሙሉ የደበቁትን ችካል መትተህ ሰቀልከው!"

"እንደሚደበቅ አላወቅኩም።" መርፌውን ኮርቻው ላይ ሰካው። "ደግሞ ሌላ ሰው ይገባበታል ብዬ አላሰብኩም። እንግዳ እንደሚመጣ ተነግሮኛል፤ ለእንግዳ ስራው ተብያለሁ። ስሰራው ግን ያሰብኩት አንቺን ብቻ ነው። ጥፋቴ ይኸው ነው።"

ዋሲላ ልትመልስ የነበረው ቁጣ ከጉሮሮዋ ጠፋ። እንዲህ ያለ ቃል ስትጠብቅ ስንት ወር አልፏል! የመጣው ግን ዛሬ ነው፤ የጎንደር ሴቶች ደጅ ላይ ቆመው ሲጠብቁ። ደስታዋን የምታስቀምጥበት ቦታ አልነበራትም። ዓይኗን ከእሱ ላይ ነቅላ መሬት መሬት እያየች፣

"ተሳስቼ ነው በላቸው" አለች። "ግራና ቀኝ ተምታቶብኝ ነው በል። ያምኑሃል።"

 የሽኩር እጅ ወገቡ ላይ ወደተጠመጠመው መጫኛ ሄደ፤ ጫኝ ሁሉ እንደ መታወቂያው የሚታጠቀው የቆዳ ጠፍር ነው። ጫፉን ያዘ፣ ለቀቀው።

"ያንቺ ፈቃድ ነው?"

"ነው።"

"እሺ" አለ።

እንዲህ በቀላሉ እሺ በማለቱ ቅር አላት። ምን እንደጠየቀችው ገና አላወቀችም ነበር።

* * *

በረንዳው ላይ ወንዶቹ በምንጣፍ፣ ሴቶቹ ከደጃፉ ወዲህ ተቀምጠዋል። ልጅቷ እንግዶችን ማስታጠቧ ወግ ነውና ዋሲላ ውሃ የሞላውን ኩስኩስት በቀኟ ይዛ ቆማለች። ክንዷ ይንቀጠቀጣል። ሌሎቹ ጫኞች ወሬውን ሰምተው በር ላይ ተኮልኩለዋል።

ሽኩር እጁን ከፊቱ አጣምሮ ቆመ።

"አንተ ነህ ያን መደርደሪያ የሰራኸው?" አሉ መጂዳ።

"እኔ ነኝ፣ እሜቴ።"

"ለማን እጅ ነው የሰራኸው?"

"ለማንም አይደለም። ግራና ቀኝ ተምታቶብኝ ነው።"

መስቱራ በረጅሙ ተነፈሱ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የጀይሉ አጎት ግን ፈገግ ብለው ወደ ሽኩር ዘንበል አሉ። "ጫኝ አይደለህም እንዴ?"

"ነኝ።"

"ግመል ስትጭንም ይምታታብሃል?"

 ዋሲላ አሁን ገባት። አይምታታብኝም ቢል የመደርደሪያው ነገር ውሸት መሆኑ ይታወቃል። ይምታታብኛል ቢል፣ ግራና ቀኙን ሳያመዛዝን የሚጭን ጫኝ ግመል ገዳይ ነው፤ ከመተማ እስከ ገዳሪፍ ማንም ነጋዴ ገመድ አያስነካውም። አትበል ልትል አፏን ከፈተች። 

"ይምታታብኛል" አለ ሽኩር።

በር ላይ ያሉት ጫኞች ፈነዱ። "ለካ በቅሎዎቹ ሁሉ ወደ ጎን የሚሄዱት ለዚህ ነው!" አለ አንዱ። "ሽኩር፣ ጫማህንስ ማን ነው የሚያደርግልህ?" አለ ሌላው። አጎትየው እስኪያስላቸው ሳቁ። "ሐጅ ኢሳ፣ ሰሊጥዎን በአንድ ጎን ብቻ ነው እንዴ ሱዳን ሲያሻግሩ የኖሩት?"

ሐጅ ኢሳ አልሳቁም። በእንግዳ ፊት እንዲህ መቀለጃ መሆን ቆጥቁጧቸው ነበር። "መጫኛህን አኑርና ሂድ" አሉ።

ሽኩር ቀስ ብሎ ከወገቡ ፈታው። ቆዳው በላብና በዓመታት ጠቁሯል። አጣጥፎ ከሐጅ ኢሳ እግር ስር አኖረውና ወደ በሩ ዞረ። ወደ ዋሲላ አላየም። ቢያያት፣ ቢቆጣት፣ ቢያንስ ፊቱን ቢያጠቁርባት ይቀላት ነበር። አላያትም። ለእሷ ሲል ነው ያላያት።

"እንዲህ ከሆነ ቢስሚላህ እንበል" አሉ መጂዳ ለስለስ ብለው፣ እጃቸውንም ዘረጉ። "ነይ ልጄ፣ አስታጥቢኝ።"

ዋሲላ ቀረበች። ኩስኩስቱ ከበዳት። ሰው ሁሉ የሚያመሰግንላት ያ መንቀጥቀጥ ክንዷን ወዘወዘው፤ "እንዴት ያለች አይነ አፋር ናት" የሚል ሹክሹክታም ከኋላዋ ሰማች። ያ ቃል እንደዛሬ አስቀያሚ ሆኖባት አያውቅም። እሱ የማይገባውን እፍረት ተሸክሞ በዚያ በር እየወጣ ነው፤ እሷ የማይገባትን ምስጋና ተሸክማ እዚህ ቆማለች።

ኩስኩስቱን ወደ ግራ እጇ አዛወረችው።

መንቀጥቀጡ ቆመ። ውሃው ቀጥ ብሎ፣ ቀጭን ሆኖ፣ በመጂዳ መዳፍ ላይ ወረደ። መጂዳ እንደተቃጠለ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። ውሃው በምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

"አልተሳሳተም" አለች ዋሲላ። "ግራና ቀኙን ከሁላችን በላይ ያውቃል። ግራኟ እኔ ነኝ።"

"ዋሲላ!" እናቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

"ከግድግዳው ላይ የእጄን አሻራ አይቶ ነው የሰራልኝ። ሌላ ምንም አላየም። ተሳስቼ ነው በል ያልኩት እኔ ነኝ። የእሱ ስም ሲጠፋ ዝም ብዬ አየሁ።" ድምጿ ተሰበረ፤ እጇ ግን ኩስኩስቱን እንደያዘ ጸንቷል። "አባባ፣ ጭነትዎ አንድ ቀን እንኳ አዘንብሎ ያውቃል?"

 ሐጅ ኢሳ እግራቸው ስር ያለውን መጫኛ አዩና ዓይናቸውን ወደ ሰሊጡ አዞሩ። ሳቁ ከበር ላይ ጠፍቷል።

መጂዳ ቅባት የጠገበ ክንዳቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ድምጻቸው ሲመጣ ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ነበረበት። "የግራ እጅ ነገር ቢሆን ከቤታችን ሽማግሌዎች ጋር እከራከርበት ይሆናል። እናንተ ግን ደብቃችሁ ልትሰጡን ነበር፣ መስቱራ። ይህ ነው የቀፈፈኝ።" ተነሱ። እንግዶቹም አብረው ተነሱ። ማዕዱ ክዳኑ ሳይነሳ እንደተከደነ ቀረ።

ሽኩር ገና ከበሩ አልወጣም ነበር። ዋሲላ ጎንበስ ብላ ከአባቷ እግር ስር መጫኛውን አነሳች። ማንም አልከለከላትም። በእንግዶቹ መሃል፣ በጫኞቹ መሃል አለፈች። እፍረቱ አልለቀቃትም። ፊቷ ይነዳል፤ ጆሮዋ ይጮሃል፤ የእናቷ ልቅሶ ከኋላዋ ይጎትታታል። ፊቱ ስትደርስ መጫኛውን በግራ እጇ ዘረጋችለት።

"ሰው ሁሉ ያያል" አላት በቀስታ። "በቀኝሽ አድርጊው።"

"ቀኜማ ይንቀጠቀጣል" አለች፤ እንባዋ ከንፈሯ ላይ ደርሶ። "ይህኛው ነው የእኔ። እንዳሳፈረህ እሱው ይመልስልህ።"

ሽኩር እጇን አየ፤ አንድን ጭነት ከመጫኑ በፊት እንደሚያይ ረጋ ብሎ አየው። ከዚያም መጫኛውን ለመቀበል የራሱን ግራ እጅ ዘረጋ።

ጣቶቻቸው በቆዳው ላይ ተነካኩ። የዋሲላ እጅ አልተንቀጠቀጠም።